ቁልፉ በዛ፣ ድምፁ ጠፋ

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጥገና የሚሠራ ሰው በቅጥር ደብዳቤው ላይ ያልሰፈረ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። ቴሌቪዥን፣ ስፒከር፣ ሆም ቲያትር ሊገዛ ያሰበ ሁሉ፣ ባልደረባው፣ የባልደረባው እህት፣ የአከራዩ ልጅ፣ "አንተ ኤሌክትሪክ ታውቃለህ" እያለ ቅዳሜውን ይቀማዋል። የስፌት መኪና ሞተር መጠገንና የፊልም ድምፅ መምረጥ ምን አገናኛቸው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠይቅም፤ እሄዳለሁ። ስመለስ ግን በግኜ ነው የምመለሰው፤ እስከ ዛሬ ምክሬን ሰምቶ የገዛ ሰው አላየሁማ።

ገበያው ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ "ስንት ዋት ነው?" የሚል ነው። ሻጩ ካርቶኑን ያዞርላችኋል። 12,000 ዋት ይላል፣ በወርቃማ ቀለም፣ ከዕቃው ስም ገዝፎ። ከቁጥሩ ጎን ዓይን አጥብቦ ካላዩት የማይነበብ "ፒኤምፒኦ" የሚል ቅጥያ አለ። ቁጥሩን ከተጠያቂነት የሚያስመልጠው እሱ ነው። ፒኤምፒኦ እንዴት እንደሚለካ ሁሉም የተስማማበት ደንብ የለም፤ አምራቹ የዕቃው ማጉያ (አምፕሊፋየሩ) ለቅጽበት ሊያወጣው ይችላል ብሎ ያሰበውን ወስዶ ደስ ያለውን ጽፎ ይልከዋል። ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ጉልበት የሚናገረው አርኤምኤስ የሚባለው ልኬት ነው፤ እሱ ደግሞ ካርቶኑ ላይ ብዙ ጊዜ የለም። እኔ ታዲያ ዕቃውን ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ። አንዴ መርካቶ ውስጥ የአንዱ ባለ 12,000 ዋት ጀርባ ላይ ትንሿ ተለጣፊ "220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 60 ዋት" ትላለች። ከሶኬት 60 ዋት የሚስብ ዕቃ 12,000 ከየት አምጥቶ ያወጣል ብዬ ለሻጩ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አነበበና፣ "ፋዘር፣ እሱ እኮ የመብራቱ ነው፤ የፊተኛው የድምፁ ነው" አለኝ። አብሮኝ የመጣው ሰውዬ በመልሱ ረክቶ ዋጋ መከራከር ጀመረ።

ዋቱ እውነት ቢሆን እንኳ እንደሚታሰበው አይደለም። ጉልበቱን እጥፍ ብታደርጉት ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ "ትንሽ ከፍ አለ" ብሎ የሚያልፈው። በጆሮ እጥፍ ጮኸ እንዲባል ጉልበቱ ወደ አሥር እጥፍ መጠጋት አለበት። በ500 ዋትና በ1,000 ዋት መካከል ቆመው ግማሽ ቀን የሚከራከሩ ባልና ሚስት አይቼ ይህን ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ሻጩ አየኝ፤ ተውኩት።

ከዚያ ሙከራው ይመጣል፣ ሙከራ ካሉት። ሱቁ ሦስት ሜትር አይሆንም። በግራ በኩል ያለው ሱቅ መዝሙር ከፍቷል፣ በቀኝ ያለው ዘፈን ከፍቷል፣ መንገድ ላይ ሎተሪ የሚያስነግር መኪና ሞንታርቦውን ጭኖ ቆሟል። በዚህ መሃል ሻጩ ፍላሹን ይሰካና ባስ ብቻ የሆነ አንድ ዘፈን ይለቃል። ዘፈኑ የተመረጠው ለዚሁ ነው፤ በእሱ ሲሞከር መጥፎ የሚባል ዕቃ የለም። ደረታችሁ ይመታል፣ የመስታወቱ መደርደሪያ ይንቀጠቀጣል፣ የስፒከሩ አፍ ዙሪያ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይሽከረከራል። ሁለተኛውን ዕቃ አወዳድር ስትሉት መሸጥ የፈለገውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይከፍተዋል። የድምፅ ባለሙያዎች ሁለት ማጉያ ሲያወዳድሩ መጀመሪያ ከፍታቸውን እኩል የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም፤ ጥቂት እንኳ የጮኸው ጥራት ያለው መስሎ ይሰማል። ይህን መርካቶ ያለ ልጅ መጽሐፍ ሳያነብ ያውቀዋል፤ አውራ ጣቱ ያውቀዋል።

እንግዲህ ጆሮ የማይሠራበት ቦታ ላይ ምን ይቀራል? መቁጠር። ብሉቱዝ አለው፣ ፍላሽ ያነባል፣ ሚሞሪ ይቀበላል፣ ኤፍኤም አለው፣ የማይክ ቀዳዳ አለው፣ ሪሞት አለው፣ "ዶልቢ" የሚል ተለጣፊ አለው። ሻጩ እያንዳንዱን ተጭኖ ያሳያችኋል፤ በርቶ ይታያል፤ ይቆጠራል። ድምፁ ጥሩ መሆኑን ግን ተጭኖ የሚያሳይበት ቁልፍ የለውም። የኔ እሮሮ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ቁልፍ ማንም ይቆጥረዋል፤ ድምፅ ለመመዘን ጸጥታ ይፈልጋል፣ በዚህ ከተማ ደግሞ ጸጥታ የሚሸጥበት ሱቅ የለም። ስለዚህ ሁሌም ቁልፍ የበዛበት ያሸንፋል።

እና ያ ሁሉ ቁልፍ ቤት ገብቶ ምን ይሠራል? ከዲሽ የሚመጣው የአገር ውስጥ ቻናል ድምፅ በአብዛኛው ስቴሪዮ ነው፣ ሁለት መስመር፣ ሌላ የለውም። አምስት ስፒከርና አንድ ባስ የሚባለው አደረጃጀት እ.ኤ.አ. በ1992 በዶልቢ ዲጂታል ሲኒማ ቤት ሲገባ ፊልሙ ራሱ በስድስት መስመር ተቀርጾለት ነው። እኛ ቤት ዕቃው ሁለቱን መስመር እየዘረዘረ አምስት ያስመስላል። አትሞስ የሚለውን ምልክት ፈልገው የሚመጡም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሲኒማ፣ በ2014 ለቤት የወጣ፣ ድምፅን ከጣሪያ የሚያወርድ ጥበብ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የሚልከው ቻናል ሳይኖር የሚቀበለውን ዕቃ በውድ መግዛት ምን ይባላል? ደግሞስ በሐምሌና በነሐሴ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚኖር ሰው ዝናብ ከላይ ሲወርድ የሚያሰማ መሣሪያ ምን ያደርግለታል? ዝናቡ ራሱ ይመጣል፤ ዜናውንም፣ ድራማውንም፣ ጎረቤቱንም አንድ ላይ ይደፍናል።

ጎሮ፣ ከፓርኩ ብዙ ሳይርቅ፣ አራት የስፌት ሠራተኞች አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ፓርኩ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጀምሮ ይህ አካባቢ እንዲህ ባሉ ክፍሎች ተሞልቷል፤ ከክፍለ ሀገር የመጡ ልጆች ኪራይ ተካፍለው፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተው ሰርቪስ የሚይዙባቸው። ልጆቹ እቁባቸው ሲወጣ ባለ አምስት ስፒከር ሆም ቲያትር ገዙ። እቁቡ እንደ ድሮው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ኢትዮጵያ ከአሜሪካው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ከወጣች ወዲህ የፋብሪካዎቹ ትእዛዝ ሳስቷል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ የውጭ ዕቃ ዋጋ ጭራሹን የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ ገንዘቧ ላብ ነች። ዓርብ ማታ ጠሩኝ፣ "ጋሼ፣ ድምፁ አልገባንም" ብለው።

ገብቼ ተቀመጥኩ። በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ ላይ ናቸው። ኋለኞቹ ሁለት ስፒከሮች አንዱ ቁምሳጥን ላይ፣ አንዱ የከሰል ምድጃ በተቀመጠበት ጥግ ወለል ላይ ነው፤ ክፍሉ ኋላ የሚባል የለውማ፣ አልጋ ነው። ባሱ አልጋ ሥር ገብቷል። መሃለኛዋ፣ በፊልም አሠራር የተዋንያኑን ንግግር የምትሸከመው ዋናዋ ስፒከር፣ የፕላስቲኩን አበባ ስለጋረደች ከቴሌቪዥኑ ኋላ ግድግዳ እያየች ተቀምጣለች። ዕቃው "ሱራውንድ" ላይ ስለሆነ ንግግሩ ወደ አምስቱም ተበትኖ፣ ከሊሾው ወለልና ከባዶው ግድግዳ እየነጠረ ይመለሳል። ሴትዮዋ ትናገራለች፣ አንዷ "ምን አለች?" ትላለች። ሁለተኛዋ "አልሄድም አለች" ትላለች። ሦስተኛዋ "አልወድህም ነው ያለችው" ትላለች። አራተኛዋ ድምፁን ትጨምራለች። ሲጨምር ባሱም አብሮ ይጨምራል፤ የአልጋው ብረት ይንቋቋል፤ ከግድግዳው ወዲያ አከራይዋ ይደበድባሉ። ቀኑን ሙሉ በመቶ የሚቆጠር የስፌት መኪና በሚጮህበት ሼድ ውስጥ የዋለ ጆሮ ነው ይህን ለመፍታት የሚታገለው።

ከንፈሩና ድምፁ አልገጠመም የሚል አቤቱታም አቀረቡልኝ። እሱን ለመፍረድ ከበደኝ። ዘመናዊ ዕቃ ድምፁን እያዘገየ ከንፈርና ቃል እንዳይተላለፉ የሚያደርግበት ማስተካከያ አለው። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን ከመጣ ጀምሮ ሕዝቡ የለመደው ከመጀመሪያውም በሌላ ቋንቋ የተንቀሳቀሰ ከንፈር ነው፤ ጥፋቱ የመሣሪያው ይሁን የትርጉሙ በምን ይለያል? ዜና እስኪጀምር ጠብቀን አየን። ዜና አንባቢው ላይ ገጠመ።

ቁልፍ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ለኔ ሦስት ነገር ያለው ዕቃ ይበቃኛል፤ ያ የማዘግያ ማስተካከያ፣ የመሃለኛዋን ስፒከር ብቻ ከፍ ማድረጊያ፣ እና ናይት ሞድ የሚሉት። የመጨረሻው ሹክሹክታውን ከፍ፣ ፍንዳታውን ዝቅ አድርጎ የሚያቀራርብ ነው፤ ዶልቢ ዲጂታል ውስጥ ከድሮም አለ። ባለ ሁለት ፎቅ አልጋ ለሚጋሩ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ለሚነሱ ሰዎች ከዚህ የሚበልጥ ሥራ የሚሠራ ቁልፍ አላውቅም። ታዲያ ካርቶኑ ላይ አይጻፍም፣ ሻጩም ስሙን ሰምቶ አያውቅም፤ አንዳንዱ ዕቃ ላይ ምርጫ ውስጥ፣ የምርጫው ምርጫ ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። ዲስኮ መብራቱ ግን ፊት ለፊት የራሱ ቁልፍ አለው።

ይህ የድሃ ቤት ችግር ብቻ አይምሰላችሁ። የሰፈራችን አንድ ጋሼ ወንድማቸው ከቨርጂኒያ ውድ ዕቃ ላኩላቸው። እንደ ልማዱ ተጠራሁ። ከካርቶኑ ስናወጣው ከባድ፣ ጥቁር፣ የሚያምር የሆም ሲኒማ ፕሮሰሰር ነው። ጋሼ ሁለቱን የእንጨት ስፒከሮቻቸውን አቅርበው ሽቦውን ይዘው ይጠብቃሉ። ጀርባው ላይ የሌለ ቀዳዳ የለም፤ የኤችዲኤምአይ ብቻ አንድ ረድፍ ሙሉ ነው። የስፒከር ሽቦ የሚታሰርበት ግን የለም።

"የት ነው የሚሰካው?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ ድምፁን የሚያቀናብር ብቻ ነው። ማጉያ የለውም፤ ማጉያው ለብቻው ነው የሚገዛው።"

"እና ማነው የሚያሰማው?"

"ማጉያው።"

"እሱን ምነው አልላከውም?"

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ቀጥዬ ደግሞ የባሰውን ነገርኳቸው፤ ዕቃው የአሜሪካ ነው፣ 120 ቮልት፣ እኛ ግድግዳ ላይ ደግሞ 220 ነው ያለው፤ ያለ ትራንስፎርመር የሰካችሁት ዕለት ጭሱን ነው የምታዩት። ከአሜሪካ የመጣ ስንት ማጉያ በዚህ ከተማ በመጀመሪያዋ ደቂቃ እንደተቃጠለ ጠጋኞች ይንገሯችሁ። ላኪው ደህና ነው፣ ተቀባዩ ደህና ነው፤ ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ግን ማንም አያያትም።

እንዲህ ያለው ፕሮሰሰር መቼም ሥራ አያጣም። ፊልሙ የተጠቀለለበትን ድምፅ ፈቶ ለየስፒከሩ ያከፋፍላል፤ ከቅርቡ ስፒከር የሚመጣው ከሩቁ ጋር እኩል እንዲደርስ ያዘገያል፤ ባሱን ለባሱ ይለያል። በማይክ ክፍሉን አዳምጦ ራሱን የሚያርምበት ዘዴም አለው፤ ኦዲሲ የሚባለው ከአሜሪካ፣ ዲራክ የሚባለው ከስዊድን የመጡ ናቸው። ይህ ድምፅ ነው፤ ለዚህ ገንዘብ ቢወጣ አልቆጭም። የሚቆጨኝ ከዋጋው ብዙው የሚሄደው ቶሎ ለሚያረጀው ነገር መሆኑ ነው። ኤችዲኤምአይ 2.0 እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ፣ 2.1 በ2017 መጣ፤ ትናንት "የመጨረሻው" የተባለው ዛሬ "አሮጌው" ነው። በ2020 ደግሞ አዲሱን መስፈርት ያሟላሉ ተብለው የተሸጡ የሆም ቲያትር ሪሲቨሮች ያኔ አዲስ ከነበረው ኤክስቦክስ ጌም መጫወቻ ጋር በከፍተኛው ሥዕል ሲገናኙ ስክሪኑን ጥቁር የሚያደርግ የቺፕ ጉድለት ተገኘባቸው። ፈረንጁም እንደኛ ቁልፍ ቆጥሮ ገዝቶ እንደኛ አኩርፏል ማለት ነው። እሱ ቢያንስ ጮኾ ማስተካከያ ሳጥን ተልኮለታል።

ጋሼ ቤት ቡፌው ውስጥ በደርግ ዘመን የገዙት ማጉያ አለ። ሪሞት የለውም፣ ብሉቱዝ የለውም፣ ሁለት ቁልፍና አንድ ትልቅ መዘውር ነው ያለው። ከዲሽ ሪሲቨሩ በቀይና በነጭ ገመድ አገናኘሁት። ዜና አንባቢው አጠገባችን የተቀመጠ መሰለ። ጋሼ ግን ዓይናቸው ከፕሮሰሰሩ አልተነሳም፤ አሁን ቡፌው አናት ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል፤ እንግዳ ሲመጣ "ከአሜሪካ የመጣ ነው" ይባላል።

እኔ የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ስለዚህ የሌላውን ሰው ምርጫ በነፃ እሰማለሁ። የ40 ኸርዝ ባስ አንዱ ሞገድ ርዝመቱ ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከሳሎናችን ይረዝማል። ባለቤቱ ሳሎን ውስጥ ያልሞላለት ባስ በኮንክሪቱ ወርዶ እኔ ቤት ይመጣል። እሱ "ባሱ አነሰኝ" ብሎ ይጨምራል፣ እኔ ጣሪያዬን አያለሁ። የመኖሪያ ሰፈር የድምፅ ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም በአገሪቱ አለ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አዋጅ ይዞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ግን አላየሁም። የሚወጣው በነጠላ ጫማ ነው፣ "ልጅ ተኝቷል" ብሎ።

ከጎረቤት የሚተርፈውን ደግሞ ማስታወቂያው ይጨርሰዋል። ድራማው በሹክሹክታ ላይ ሳለ የዘይቱ፣ የሳሙናው፣ የሪል ስቴቱ ማስታወቂያ ጮኾ ይገባል፤ ቤቱ ሁሉ ሪሞት ፍለጋ ይራወጣል። የሪሞት ነገርማ አይነሳ፤ የቲቪው አንድ፣ የዲሹ አንድ፣ የሆም ቲያትሩ አንድ፣ የተሰበረው፣ ባትሪው በፕላስተር የታሰረው፣ ሌላ አንድ። አውሮፓውያን አሰራጮች እ.ኤ.አ. በ2010 የፕሮግራምን ከፍታ እኩል የሚያደርግ አር 128 የተባለ መመሪያ አውጥተዋል፤ አሜሪካ በዚያው ዓመት ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ በላይ እንዳይጮህ በሕግ ከልክላለች፤ በ2012 መጨረሻ ሥራ ላይ ውሏል። ያ ማስተካከያ የሚደረገው ጣቢያው ውስጥ ነው፤ ቤቴ የቱንም ያህል ቁልፍ ባስገባ የጣቢያውን ሥራ አይሠራልኝም።

መብራት ሲሄድ ብቻ ነው ሁላችንም እኩል የምንሆነው። እሱም ሲመለስ ይቀጣናል። ዕቃው የመጨረሻውን ድምፅ አያስታውስም፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ራሱ ይበራና በእንግሊዝኛ "ብሉቱዝ ሞድ!" ብሎ ይጮሃል። ከላይኛው ፎቅ አንዱ፣ ከፊት ለፊት ብሎክ ሌላው፣ ከታች ሱቅ ሦስተኛው ይቀበሉታል። እዚህ ላይ እንኳ ዋት ጎደለ የሚል አልሰማሁም።

የልጆቹን ነገር አልጨረስኩም። ያን ዓርብ ማታ መሃለኛዋን ስፒከር አበባው ፊት አወጣኋት፣ ወደ ፊታቸው አዞርኳት፣ ኋለኞቹን አጠፋሁ፣ ባሱን እስከ ታች ዝቅ አደረግሁት፣ መሬት ላይ ምንጣፍ አስነጠፍኩ፣ ከግድግዳው ላይ ጋቢ ሰቀልን። ሴትዮዋ እንደገና ተናገረች። "አልሄድም" ነበር ያለችው። ለተወሰነ ጊዜ "ምን አለች?" የሚል አልነበረም፤ አንዷ እንዲያውም በጀርባው የሚጮህ ውሻ እንዳለ መስማት ጀመረች። ሻይ አፈሉልኝ።

ሻዩን ሳልጨርስ ታናሽየዋ ተነስታ ወደ አልጋው ሥር ጎንበስ አለች።

"ምነው?" አልኳት።

"ጋሼ፣ ደስ ይላል፣ ግን ባሱ ከሌለማ ገንዘባችን የት ሄደ?" አለችና እስከ ላይ አዞረችው። አከራይዋ ግድግዳውን መቱ። የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ የክፍሉ ማዶ ያሉት ልጆች እቁብ ይወጣላቸዋል፤ እንድሸኛቸው ተነግሮኛል። ሁለት ማይክ ያለው ይሁን ብለዋል።